ሞርሳዎቼ ሰርግ ቤት

ዓርብ፣ ጥር 15

በመጨረሻ ተጣበቀ! እጄ እስካሁን ኮላ ኮላ ይላል። የማንኩሳውን እድር አዳራሽ ጣራ የሚሸከመው አግዳሚ ነው። መሀል ላይ ምሰሶ አንፈልግም አሉ፤ ያን ያህል ረጅምና ቀጥ ያለ ዛፍ ደግሞ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ልገን፣ መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ እንዳይውሉ አፈራርቀን ደረብነው። ከዚያ ኮላው እስኪደርቅ ጨምቆ እንዲይዘው ያለንን ሞርሳ ሁሉ ጥርቅም። ሌሊቱ ስለሚበርድ ኮላው ቶሎ አይዝም፤ እስከ ማክሰኞ እንዳይፈታ ከአስማረ ጋር ተማምለናል። አስማረ ሸሪኬ ነው፤ የልጄም የክርስትና አባት።

ቅዳሜ

ቡሎን ፍለጋ ቡሬ ዋልኩ። ተገኘ፣ ተመስገን። ሲመሻሽ ወርክሾፕ ብገባ አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ሸራ ለብሷል። ልገልጠው ስል አስማረ እጄን ያዘኝ።

«ተው፣ ብርድ እንዳይመታው ነው። እኔ አለሁ አይደል?»

እንዲህ የሚያስብ ሸሪክ ማን አለው? ነገ የወንድሙ ሰርግ ነው። ጋቢዬ መታጠብ ነበረበት፣ ረሳሁት።

እሑድ

ገና ከሰርጉ መመለሴ ነው።

ሰርጉ ደምቋል፤ ጠላው ጥሩ፣ እስክስታው ጥሩ። ቀና ስል የዳሱን ግንዶች እርስ በርስ ያያዘው ምንድን ነው? የኔ ሞርሳ! አንድ ብቻ አይደለም፣ በየማዕዘኑ። አረንጓዴ የቀባኋቸው ራሴ ነኝ፣ አይጠፉኝም። ትናንት ዳስ ሲጥሉ ገመድ አጥሯቸው ነው አሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ከኔ በቀር። እኔ ሞኙ ከሥራቸው ሳጨበጭብ ዋልኩ።

አስማረን ወደ ጓሮ ጠራሁት። «ዳሱ ሊወድቅ ሆነ፤ ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው?» አለ። ብትነግረኝ ገመዱን ከቡሬ አመጣልህ ነበር አልኩት። «ሸራውስ?» ስለው ጥሎኝ ወደ ዳሱ ገባ። ሞርሳውን መውሰዱን እችለው ነበር። የቆሰልኩት በሸራው ነው።

ሰኞ

ሸራውን ገለጥኩት። በሞርሳው ፋንታ ድንጋይ ጭኖበታል። ላየው ሰው ደህና ይመስላል። አስማረ «መልሰን እንጠርቅመው፣ ማን ያውቃል?» አለ። እኔ አውቃለሁ! ከሥሩ የሚቀመጡት ለቀስተኞች ናቸው።

ለእድሩ ዳኛ ለአያ ደሴ ደወልኩ፣ መጡ። «አያ፣ ይኸ አይሆንዎትም፤ ኮላው ሳይዝ ሞርሳው ተፈቷል» አልኳቸው። ማን እንደፈታው አልተናገርኩም። ለምን እንደሸፈንኩለት እንጃ።

«ኧረ ደህና ይመስላል እኮ፣ ልጄ። እስቲ እንጫንበት» አሉ። ሁለቱን ጫፍ አስደግፈን የሲሚንቶ ከረጢት ደረደርንበት። ግማሹን እንኳ ሳንጭን በኮላው መስመር ተላቀቀ።

አያ ደሴ ቆቡን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ድገሙት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ግን ጣራው ይከደን» ብለው ሄዱ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

ማክሰኞ

ብቻዬን ጀመርኩ። ሚስቴ «አበልጅ ናችሁ፣ አታካርረው» ትላለች። እሷ ምን አለባት።

ረፋዱ ላይ አስማረ ሞርሳዎቹን ይዞ መጣ። «አበልጄ...» ብሎ ሲጀምር «አትናገር» አልኩት። በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከረጅሙ ጣውላ ጋር ስታገል አየኝ፤ ለአንድ ሰው አይነሳም። ሳልጠራው ገብቶ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። አልከለከልኩትም። ይቅርም አላልኩትም፤ ይህን ስጽፍም አላልኩትም።

እስኪመሽ አብረን ሠራን፤ ከ«ያዝ» እና ከ«ልቀቅ» በቀር ቃል ከአፋችን አልወጣም። ማታ ወርክሾፑን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። እስከ ዛሬ የሚያድረው እሱ ዘንድ ነበር። አየኝና መንገዱን ቀጠለ።