በሩን ዘግቶ የሚያስቀው ሰው

ውድ እህቴ ቬርና፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የእማማ ጉልበት ብርዱን ቻለው? የአጎቴ ኦሪን ሳልስ ለቀቀው? እኔም የባርኔጣ ሱቄም ደህና ነን፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው። ክላይቭ ሃርጎትን አገኘሁት። አዎ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ቬሎሽን ለብሰሽ ስትጠብቂው ሳይመጣ የቀረውን። እዚህ ስሙ የገነነ የፊልም ዳይሬክተር ነው። ያኔ እኔ ከቤት ርቄ ስለነበርኩ አይቶኝ አያውቅም፤ ማን እንደሆንኩም አልጠረጠረም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የሚደነቀው በአንድ ዘዴው ነው። ፍቅረኞቹን ሲሳሳሙ አያሳይም። በሩን ይዘጋና ካሜራውን በሩ ላይ ይተክላል። ከውስጥ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥታ። የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ሞልቶ ይስቃል። ሙያው አይታማም፤ ጠላትም ቢሆን እውነቱ ይነገር።

ባለፈው ወር ለአዲሱ ፊልሙ ባርኔጣ ላደርስ ሄድኩ። ከተዘጋው በር ጀርባ ሙሽራዋ፣ «ኬኩን አትቁረጡት፤ ዝናብ ይዞት ነው» ስትል ሰማሁ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። ቬርና፣ ያን ቀን ለእንግዶቹ ያልሽው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ያንቺው ቃል! እሱ እየሳቀ፣ «እዚህ ጋ ስምንት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ሰዉ ይንከትከት» አለ። ደሜ ፈላ። ግን ባርኔጣውን አስረክቤ ወጣሁና በማስታወሻ ደብተሬ «ስምንት ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩ። ፊልሙ እናንተ ዘንድ ቢደርስ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች የሚጠፋው ጎረቤት የለም።

እዚህ ፊልም ከመውጣቱ በፊት በአንድ ሰፈር ሲኒማ ለሙከራ ይታያል፤ ሰው ያልሳቀበት ይቆረጣል። ቦታውን ደንበኛዬ የሆነች ፊልም ቆራጭ ሹክ አለችኝ። ሠላሳ ሰፊዎቼን ከነእናቶቻቸው ይዤ ገባሁ። ስምሽን ሳልጠራ ታሪክሽን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። የቀረውን ተመልካች ይሙላ አይደል የሚለው? ሞላሁለት።

በሩ ተዘጋ፤ ቃሉ ተነገረ። ስምንት ሰከንድ ሙሉ ኮሽ የሚል ጠፋ። ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲጀምር ባርኔጣ በካውያ የምትተኩስልኝ ቤሲ ዞራ፣ «ምን ያስገለፍጥሃል? እህትህ ብትሆንስ!» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ክላይቭ ከወንበሩ ብድግ አለ።

መውጫው ላይ ጠብቄው፣ «ሚስተር ሃርጎት፣ ዝናቡ አባራ?» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «አንቺ ማነሽ?» ቢለኝ፣ «የቀረውን አንተ ሙላው» ብዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ትዕይንቱ ተቆረጠ። ቁራጩን ያቺው ፊልም ቆራጭ ሰጥታኝ በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ። ምድጃ ውስጥ ጣይው፤ እጅሽን ግን አርቂ፣ እንደ ባሩድ ነው የሚነደው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎቴ ኦሪንን፣ «ትንባሆውን ተው ብላሃለች» በይልኝ። በዚያው እሳት ኬክ ጋግሩ። ይኼኛውን ማንንም ሳትጠብቂ ቁረጪው።

እህትሽ ኦፓል
ሆሊውድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1937