አማካሪህ ደውላ ነበር

ወንድምዓለም፣

ወደ ሥራ መውጣቴ ነው። ጋራዡ ለሥራ ተቀብሎሃል፤ ነገ ጠዋት አማካሪህ ራሷ ታደርስሃለች።
ቱታዬ ወንበሩ ላይ ነው፣ ልበሰው። እጅጌው ይረዝምሃል፣ እጠፈው።

ከእስር ከወጣህ ወዲህ አማካሪህ እንዴት እንዳደርክ ትጠይቅሃለች፣ እናታችን ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ለአንተ ታወጣለች። ከእናታችን ጎን ሳልጠፋ የኖርኩትን እኔን ግን «አንተስ?» ያለኝ የለም። ቅናት አንጀቴን ሲበላው ከረመ።

ትናንት ገላህን ስትታጠብ ያ የድሮ የስርቆት ጓደኛህ መጣ።
«ሥራ ተገኝቷል፣ ጥራልኝ» አለኝ።
ልጠራህ አፌን ከፈትኩ። አብረኸው ብትሄድ እናታችን ለእኔ ብቻ ትቀር ነበር።
«እዚህ አይኖርም» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ተመልሶ ቢመጣ አትክፈትለት።
ማታ ስገባ ደግሞ፣ እባክህ፣ እንዴት ዋልክ በለኝ።