ሎጉ ሞልቶ የተደባደብንበት ማክሰኞ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ የማይለቅ ሳል ተወሽ ወይ? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽም ቆማ ትሄዳለች፤ ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

እንደምታውቂው እኔ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል፣ እሷ ከጀርባዬ ኮምፒውተር ክፍል ነን። የበሽተኛው ስም፣ መድኃኒቱ፣ የደሙ ዓይነት ሁሉ ዳታቤዝ በሚሉት ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ የተነካውን ሁሉ ሎግ በሚባል ፋይል ይከትባል። ልጅሽ ሎጉን በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ ስትገለብጠው ቦታ ይለቀቃል፤ ካልተገለበጠ ያብጣል። ታዲያ «ጌታው» የምንለው ሥራ አስኪያጅ ዲስኩን ፊልም ልጫንበት ብሎ ከወሰደ ሦስት ሳምንቱ። መልስ ስትለው «አትነዝንዢኝ» ይላታል።

ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ጢም ብሎ ሞላና አንድ ስም እንኳ አልቀበልም አለ። ሚስቱን ምጥ የያዘበት አንድ ግንበኛ «ሰው እየሞተ ጠብቅ ትይኛለሽ?» ብሎ በወንበር መስኮቴን አደቀቀው። ስብርባሪው ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ዘበኛው ሊይዘው ሲል አፍንጫውን በቡጢ አለው፤ ከዚያማ ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተቦጫጨቀ።

ጌታው እየሮጠ መጥቶ ልጅሽን «ሎጉን ደምስሺው፣ ቦታ ይገኛል» አላት። እሷም «ከተደመሰሰ ዳታቤዙ ላይነሳ ይችላል፤ ያለን ቅጂ ከሦስት ሳምንት በፊት የተወሰደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለማን ምን እንደተሰጠ ከየት እናመጣለን?» ብላ ኪቦርዱን አቀፈች። በፀጉሯ ጎትቶ ከማሽኑ ብረት ሳጥን ጋር አላተማት። ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ አንገቷ ድረስ ወረደ።

እታለም፣ የካርዱን ብረት መሳቢያ መቼ እንደመዘዝኩት አላውቅም። አፉ ላይ አሳረፍኩበት። ሁለት የፊት ጥርሱ ረገፈ። እሱ ሲንከባለል ልጅሽ ተራምዳው ሄዳ ዲስኩን ከቢሮው አመጣች፤ ፊልሞቹን ጠራርጋ ሎጉን ገለበጠችና ቦታው ተለቀቀ። መጀመሪያ የመዘገብኳት የግንበኛውን ሚስት ነው፤ ሴትዮዋ ግን ኮሪደር ላይ ወልዳ ልጇን አቅፋ ነበር።

የልጅሽ ቅንድብ ስድስት ቦታ ተሰፍቷል፤ ዓይኗ ደህና ነው። ጌታው ታግዷል። እኔም ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ይቅርታ እንድጠይቅ ታዝዣለሁ፤ አልጠይቅም። ቢያባርሩኝ አንቺው ትቀልቢኛለሽ። ልጅሽ የፈራችው ግን አንቺን ነው። «እማዬ ነይ ካለችኝ እምቢ ማለት አልችልም» እያለች ታለቅሳለች። በሞቴ፣ ነይ አትበያት። ዛሬም ፋሻዋን እንዳሰረች ሥራ ገብታለች።

ባለቤትሽን ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ለእሱ በር መታት በይው፣ አለዚያ ዱላውን ይዞ ይመጣል። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለእማማ ስለ ጌታው ጥርስ ብቻ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

ታናሽሽ
ከካርድ ክፍል፣ ጥር 14 ቀን