ድንጋዩን ከጫንቃው ካነሣሁለት ወዲህ

ለተወደድህ ወንድሜ ለመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፤ ጎንደር።

እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? ዐይንህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደብዳቤ የሚያነቡልህ ደቀ መዛሙርትህ ናቸው? እነሱ ከሆኑ እዚህ ላይ ይብቃቸው፤ የቀረውን ባለቤትህ የብርጓል በር ዘግታ ታንብብልህ። እሷስ ደኅና ናት? ልጆቹስ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። በልቤ ግን ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ፈርቻለሁ።

ይህን የምታደርስልህ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናት፤ ከቆቧ እጥፋት ውስጥ ሰፍታ ትይዘዋለች። ሰምተህ ስትጨርስ ለእሳት ስጠው። መልስህንም በቃል ላክ እንጂ አትጻፍ።

ልጄ ፍሥሐ እንዴት እንደሞተ አምና ጽፌልሃለሁ። ማን እንዳስገደለው ግን አልጻፍሁልህም፤ ስሙን ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። እንዳላማው ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቴ፣ የማኅበራችን ሰው። ጣሊያኖች ከመንገዱ ዳር ወዳለው ምሽግ ወስደው ሁለት ቀን ገረፉት፤ በሦስተኛው ቀን የሚፈልጉት ጠመንጃ ያለው ከእኔ ቤት እንደ ሆነ ተናገረ። ቤቴን አቃጠሉ፤ ፍሥሐንም በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ረሸኑት።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ከይቅርታው ቃል ስደርስ አፌን እዘጋ ነበር። አባታችን አንዲት ቃል ስንዘል በአለንጋ እንዴት ይለን እንደ ነበር ታስታውሳለህ፤ ይህችን ግን አውቄ ዘለልሁ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በእግዚአብሔር ፊት ለምን እዋሻለሁ? የንስሐ አባቴ ትዕቢት ነው ቢሉኝ፣ "ትዕቢት ይሁን፤ ሐሰት ግን አይደለም" አልኋቸው።

በዚህ በታኅሣሥ ሚካኤል የጽዋው ተራ የኔ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ታናሹን ልጄን አወቀን፣ ከአርበኞች ጋር በዱር የነበረውን፣ ጭኑን በጥይት ተመትቶ በበቅሎ አመጡልኝ። ከጓዳ፣ ከጎታው ኋላ አስተኛሁት። ተራዬን እንዳላሳልፍ "ምን ደብቃ ነው?" መባሉ አይቀርም፤ እንዳልደግስ ጓዳውን ከእልፍኙ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ብቻ ሽሮውንም ስልጆውንም አሰናዳሁ፤ ለአወቀም ሲያመው የሚነክሰው ጨርቅ ሰጠሁት።

ካህኑ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ እንዳላማው ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከደጄ መጥቶ ተንበረከከ። ማኅበርተኛው ተነሥቶ "ስለ ሚካኤል ማሪው!" አለኝ። ጥሩነሽ ብቻ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ "ተዉት እስቲ ጥቂት ይሸከመው! እኛ ፍሥሐን ስንሸከም ማን አገዘን?" አለች። ካህኑ "አንቺ ሴት፣ ጠላው ሳይቀዳ ሰከርሽ?" ቢሏት፣ "የሚያሰክርማ መቼ ትጠምቃለች ብለው ነው!" አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም።

ብመልሰው ቂም ይዞ የሚሄድ መሰለኝ፤ ባስገባው አንዱን ልጄን ያስገደለ ሰው ከሌላው ልጄ ዐሥር እርምጃ ርቆ ሊቀመጥ ነው። ይቅርታ በር መክፈት ነውና በሬን ፈራሁት። ቀረብሁትና ከድንጋዩ ሥር፣ ከአንገቱ ላይ፣ ያረጀ የጅራፍ ጠባሳ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ጠባሳ ልየው ብዬ አላውቅም። ድንጋዩን አነሣሁለትና "እግዚአብሔር ይፍታህ" አልሁት። ቃሉ ከልቤ ይውጣ ከፍርሃቴ፣ ያን ሰዓት አላወቅሁም።

ጽዋው ሲዞር አወቀ ከጓዳ አቃሰተ። ሰው ሁሉ ዐይኑን ከዋንጫው ላይ ተከለ። ጥሩነሽ ማንም ሳይነግራት ገብቷት፣ ፈጥና፣ "ያቺ ፍየልሽ ዛሬም አልተሻላት?" አለችኝ። "አልተሻላትም" አልሁ። እንዳላማው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ሰው ሲበተን ጉልበቴን ለመሳም ጐንበስ አለና እንዲህ አለኝ፦ "እሜቴ፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽዎትም። እኔን አይመኑኝ። ያን ጊዜም ላልናገር ምዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጅራፉ አናገረኝ። ዛሬም ቢይዙኝ እናገራለሁ። ልጅዎን ሳይመሽ ያንሱት፤ የት እንዳደረሱትም እንዳይነግሩኝ።"

ወንድሜ፣ ከዚህ ሰው የሰማሁት የመጀመሪያው የሚታመን ቃል "አይመኑኝ" የሚለው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አወቀን ከእህል ጭነት ጋር በበቅሎ ወደ ቆላ፣ ወደ አንድ ዋሻ አወረዱት።

በዓሉ በዋለ በአምስተኛው ቀን የቆሰለ አርበኛ ተደብቋል የሚል ወሬ ለምሽጉ ሰዎች ደረሳቸው። ለምሽጉ በግዴታ እንጨት የሚያቀርቡትን ሁሉ ያዟቸው። ሌሎቹን መርምረው ለቀቁ፤ እንዳላማውን አስቀሩት፤ አንድ ጊዜ የተናገረ ሰው ነዋ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ከጠዋት ጀምሬ መንገዱን ሳይ ዋልሁ። ማንም አልመጣም። ከፍርሃቴ ይልቅ የባሰብኝ ይህ አለመምጣታቸው ነው፤ ምን እየከፈለበት እንደ ሆነ አውቃለሁና።

ትናንት ከቀትር በኋላ አወቀ ዓባይን ተሻግሮ ሸዋ መግባቱን ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ለእንዳላማው ወደ ምሽጉ ስንቅ ከምታደርስለት ከሚስቱ ከወለላ ዘንድ ሄድሁ። "ከጆሮው ከደረስሽ እንዲህ በዪልኝ" አልኋት፤ "ልጄ ወንዙን ተሻግሯል። አሁን ተናገር። የእመት አመተ ሥላሴን ቤት ጥቀስ፤ ጀርባህን አትርፍ። ይህንንም ከወዲሁ ይቅር ብዬሃለሁ።" ወለላ እንጀራውን ከእጇ ልትጥል ምንም አልቀራት። "እሜቴ፣ ቢመጡብዎስ?" አለችኝ። "ጎታና አሮጊት ያገኛሉ" አልኋት። "ያቃጥሉታል እኮ!" "ሣሩ ገና አዲስ ነው፤ ቶሎ ይነዳል" አልሁ። በአፌ እንዲህ አልሁ እንጂ፣ ስመለስ ከቤቴ ሳልደርስ ከመንገድ ዳር ተቀመጥሁ። አሮጊት አይነኩም የሚል ሰው አለ፤ እኔ ያየሁትን አላየም። ይህን ስጽፍም ውሻ በጮኸ ቁጥር አቆማለሁ። አንተ መጽሐፍ አዋቂ ነህና፣ እየፈሩ የሚያደርጉት ይቅርታ ይቆጠር እንደ ሆነ ንገረኝ። እኔ ሌላ ዓይነት የለኝም።

እማሆይ ከቀትር በፊት መውጣት አለባትና ላብቃ። የብርጓልን ስለ እኔ ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስለ ፍሥሐ ያለቀሰችልኝን እንባ አልረሳሁም። ትልቁ ልጅህ ዳዊቱን ሳይቸኩል ይድገም። ትንሿን በዐይኔ ባላያትም መርቄያታለሁ፤ ለእናቷ እናት ትሁንላት። ጎረቤቶችህን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ከቅዳሴ ስትቆም እኔን አስበኝ፤ አወቀንም አስበው። እንዳላማውንም አስበው። የክርስትና ስሙን ዛሬ ከሚስቱ ጠየቅሁልህ፤ ወልደ ሩፋኤል ነው።

እኅትህ አመተ ሥላሴ
ከሉማሜ በታች፣ ጎጃም
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት