ስለ ጮኸው ቺንጋና ዝም ስላለው ቢሮ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎም የሚስማማዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከዳገቱ ሥር ባለው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ጀምሮ ደሟን በመሣሪያ ለማሳጠብ ከእኔ ጋር በክፍልዎ ሚኒባስ ትመላለስ ነበር፤ ነበር ያልኩት በስህተት አይደለም።

ክቡርነትዎን የማመሰግንባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሥራዎን ብዛት ስለማውቅ ጥቂቶቹን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሳሙናው። ሚኒባሷ አርጅታለች፤ በዚህ ማንም አይወቅስዎትም፣ ሁላችንም እናረጃለን። ይሁንና ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሲነሣ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት መጮኽ ጀመረች። ባለቤቴ ዕድሜዋን በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ያሳለፈች ሴት ነበረችና ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ይሄ ቺንጋ ነው፤ ለስልሶ እየተንሸራተተ ነው። የኔዋም መኪና እንዲህ ስትል አመሏ ይበላሻል" አለች። ሹፌሩ "እትዬ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ ያደጉት?" ብሎ አሳቀን፤ በዚያው ቀን ግን ለክፍልዎ አመለከተ። ክፍልዎም ቺንጋው ሳሙና እንዲቀባ አዘዘ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ጠፋ፤ የሚመጣብንን ነገር ጥቂት ቀን በጸጥታ እንድንጠብቀው ስላደረጉን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ስለ ቸርነትዎ። ጩኸቱ ሲመለስ አዲስ ቺንጋ ፈቀዱልን። የክፍልዎ መካኒክ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌጃ በእጁ እያወዛወዘ፣ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ማለቁን፣ ፑሌጃውም መጣመሙን አሳይቶ፣ "ይሄ ካልተቀየረ አዲሱንም ይበላዋል" ቢልዎ፣ "ቺንጋ ተጠየቀ፣ ቺንጋ ተሰጠ" ብለው መለሱለት አሉ። እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ ውሳኔ በዘመናችን ብርቅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ የአዲሱ ቺንጋ ጠርዝ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ጭራ አውጥቶ ነበር። ይህንንም አመለከተ። መልስ ግን አልመጣም።

፫. ስለ ዳገቱ። ቺንጋው የተበጠሰው ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ነው፤ ከወለሉ ሥር እንደ ጅራፍ ጮኸ። ለካ የራዲያተሩን ውሃ የሚገፋውን ፓምፕም፣ ዲናሞውንም፣ መሪውን የሚያቀለውንም የሚያዞር እሱ አንዱ ጠፍር ኖሯል። የባትሪው መብራት በራ፣ መሪው ድንጋይ ሆነ፣ ሙቀቱም ሽቅብ ወጣ። ሹፌሩ በሁለት እጁ እየታገለ ዳር አስያዘንና ለክፍልዎ ደወለ፤ "ተለዋጭ መኪና ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይወጣም፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባለ።

አንድ የአሸዋ መኪና ቆሞ መውጣት የሚችሉትን በሽተኞች ጫነ። የባለቤቴ እግር አብጦ ስለነበር ሹፌሩ አዝሎ ሊያወጣት ቢሞክር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። "ተዉኝ፣ ልቀመጥ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አንተ ሰው፣ ፊትህን አታጥቁረው፤ ሰው ያየህ እንደሆነ የሞትኩ ይመስለዋል" አለችኝ። ሳቅሁላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተለዋጩ መኪና መጣ። ስንደርስ መሣሪያው ለሌላ ተረኛ ተሰጥቷል፤ "በሚቀጥለው ተራሽ ነይ" ብለው መለሷት። ያ ተራ ሳይደርስ ኩላሊቷ ያላስወጣው ውሃ ሳንባዋን ሞላው። መተኛት ስላልቻለች በደረቴ ደግፌ አስቀምጫት ነበር፤ ያረፈችውም እዚያው ደረቴ ላይ ነው። ስብሰባዎ በመልካም ውጤት እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

፬. ስለ ፍትሕዎ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሹፌሩን "ተሽከርካሪውን በጥንቃቄ ባለመያዝ" ከሥራ አሰናበቱት። ሱቄ መጥቶ ፀጉሩን ሳይስተካከል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ "ጋሼ፣ እኔም እኮ ከቺንጋው እኩል ጮኼ ነበር" አለኝ። ትከሻው ላይ ፎጣ አደረግሁለት።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሹፌሩን ወደ ሥራው ይመልሱልን። ሚኒባሷም በዚያው በተጣመመው ፑሌጃ ላይ ሌላ አዲስ ቺንጋ ተጠምጥሞላት ዳገቱን መውጣት ጀምራለችና፣ ውስጧ ስላሉት ሰዎች ሲሉ ፑሌጃውን ያስቀይሩት። የኔዋ ከእንግዲህ አትሳፈርም፤ ለራሴ የምለምነው የለኝም።

ወንበርዎ ከነምቾቱ እንዲሰነብትልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ሁሉና በተለይም ላልሰጡን ወደር የለሽ አክብሮቴን በትሕትና አቀርባለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ፀጉር አስተካካዩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቅሶ ሊደርሱኝ ስለመጡ ሳላመሰግንዎ ቀርቼ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ የቢሮዎ መኪና ስትነሣ አንዴ ብቻ ሲጥ አለች። እርስዎም አንድ እግርዎን አስገብተው አንዱን እንዳንጠለጠሉ ጆሮዎን ወደ ሞተሩ ጣል አድርገው፣ ሹፌርዎን "ቺንጋው ነው። ዛሬውኑ ጋራዥ አስገባት፤ ፑሌጃውም አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ ዋጋ የለውም" ሲሉት በራፌ ላይ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ሞኙ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የቺንጋና የፑሌጃ ነገር አይገባዎትም ብዬ አዝንልዎት ነበር።