የሰማያዊው ትራክተር ቤንዚን

ቅዳሜ

እማዬ ገና አላየችውም። መኪናዋን የምታቆምበት ጋራዥ ውስጥ ገትሬ በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። ብርድ ልብሱም የሷ ነው። ሁለት ጥፋት።

የሣር ማጨጃ ትራክተር ነው፣ ተቀምጠህ የምትነዳው ዓይነት። በዕድሜ እማዬን ይበልጣል፣ ሞተሩም አይነሳም። ፋብሪካው በዚህ ሰማያዊ ቀለም ጥቂት ብቻ ሠርቶ አቆመ ይባላል፤ ኮፈኑ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ የነሐስ ሳህን አለው። ኮሌጅ ድሮፕ ያደረግሁ ጊዜ እማዬ «አንተ የጀመርከውን ጨርሰህ አታውቅም» ብላኝ ነበር። ይሄን አስነስቼ በበሯ ፊት ልነዳው ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ መጡ። የአስመራ ሰው ናቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ።
«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ትራክተር ነው ወይስ ቅርስ?»
«የእርስዎ እኩያ ነው፣ ቀስ ብለው ያናግሩት» አልኳቸው።

ግን ቸኩዬ ታንኩን ሳላይ ቤንዚን ሞልቼበታለሁ። ጋሽ ተክሌ በባትሪ አዩና እኔም እንዳይ ባትሪውን ሰጡኝ። ታንኩ ውስጡ ዝጓል። ዝገቱ ሞተር ውስጥ ከገባ አለቀ፣ መለዋወጫ የለውም።

እሁድ

እማዬ አየችው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች።
«ምንድን ነው ይሄ?»
«የቤንዝ ታናሽ ወንድም።»
«እኛ የራሳችን ሣር የለንም። የግቢውን ሣር የሚያጭደው ኩባንያው ነው።»
እውነቷን ነው። አላሰብኩትም።

ያመጣችውን ጠበል ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ደረደረች። ጠበል የምታመጣው በባዶ የወተት ጋሎን ነው። የመኪና መስታወት እንዳላጥብበት ደግሞ ስሙን በማርከር ትጽፍበታለች። (አንድ ጊዜ አጥቤበታለሁ።)

ከሰዓት ቤንዚኑን አወጣን። ጋሽ ተክሌ «ቀዩ ጀሪካን ውስጥ ገልብጠው» ብለውኝ እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ቀዩ ጀሪካን መኪናው ኋላ ነው፣ ማን ይሄዳል? አጠገቤ ባዶ የወተት ጋሎን ነበር። በጨርቅ አጥልዬ ሞላሁት፣ ጥርት አለ። ከዚያ የእማዬን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ «ጠበል» ብዬ ጻፍኩበት።
«ጋሽ ተክሌ፣ በሽተኛችን በዚህ ካልተነሳ ተስፋ የለውም።»
ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው «ጽሑፉን አጥፋው» አሉ።
እሺ አልኩና ጋሎኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ

ዝገቱ እንዲለቅ ታንኩ ውስጥ ጠጠርና ውሃ ጨምረን ስንንጠው ዋልን። ክንዴ ተገነጠለ። የሚወጣው ውሃ ጠዋት ቡና መስሎ ነበር፣ ከሰዓት ሻይ መሰለ፣ አሁን ቀጭን ሻይ ነው። እሳት የሚሰጠው ካንዴላም ብልጭ አለ። ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ግን ያስፈራኛል፤ እንደ ሰዓት ነው፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከጣልኩ የትም አላገኛትም።

እማዬ እማማ ዘውዴን ልጠይቅ ብላ ሲዋርድ ሰፈር ሄዳ መጣች። እማማ ዘውዴ አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ከኮሮና ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር አይሸታቸውም። ባለፈው ወር ደውዬ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ የድመትዎ መንጃ ፈቃድ አልቋል» ያልኳቸው እሳቸው ናቸው። አምነው ድመቷን ደብቀዋት ነበር።

ማክሰኞ

ጋሎኑ የለም።

ሦስት ነበሩ፣ ሁለት ቀርተዋል። ሁለቱንም ከፍቼ አሸተትኩ። ውሃ። ውሃ። ትናንት እማዬ ለእማማ ዘውዴ ይዛላቸው ሄዳለች።

እማዬ ሥራ ላይ ናት፣ ስልኳ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበታል። እማማ ዘውዴ ጋ ደወልኩ።
«ጠበሉን እንዳይጠጡ፣ ቤንዚን ነው።»
«ዛሬ ደግሞ ከየት ነው የምትደውለው፣ ከቤተ መንግሥት?»
«እማማ፣ በእናቴ ሞት።»
«በእናትህ አትቀልድ፣ ባለጌ።» ዘጉት። መልሼ ብደውል አያነሱም።

ጋሽ ተክሌ ነገሩን ሲሰሙ ቁልፋቸውን ብቻ አነሱ። ድራይቭ ሲያደርጉ ማንንም አያልፉም ነበር። ዛሬ ሁሉንም አለፉ። ከቤታችን ከሮዝቪል እስከ ሲዋርድ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። እኔ የማስበው ሻማውን ነው። እማማ ዘውዴ ሲጸልዩ ሻማ ያበራሉ፣ ከዚያ ጠበሉን ቤቱ ውስጥ ይረጫሉ።

በሩን ከፈቱ። ደህና ናቸው።
«ጠጡት?»
«ለመድኃኒቴ ብዬ እህል ቀመስኩ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ለነገ ነው ያስቀመጥኩት።»
መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሎኑን አየሁት። ጎድሏል።
«የጎደለውስ?»
«ታች ፎቅ ላለችው ለሣራ በጠርሙስ ቀዳሁላት። አራስ ናት፣ ቤቷን ትርጭበት ብዬ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አንኳኳሁ። የለችም። በበሩ ሥር አሸተትኩ። የሽንኩርት ሽታ ነው፣ ወይም የቤንዚኑ፣ መለየት አቃተኝ። ጋሽ ተክሌ «ለእሳት አደጋ 911 እንደውል» አሉ። ስልኩን እንዳወጡ ሣራ ልጇን ታቅፋ ከክሊኒክ መጣች። ጠርሙሱ ኪችኗ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ነበር። አልከፈተችውም። ባሏ እስኪመጣ እየጠበቀች ነበር።

ሕፃኑ አየኝና አዛጋ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። ጋሽ ተክሌ «እኔ አልነግራትም፣ አንተ ነህ የምትነግራት» ስላሉኝ።

መጀመሪያ ፈገግ ብላ ጠበቀች፣ ቀልዱ መጨረሻው የት ነው ብላ። ከዚያ የጋሽ ተክሌን ፊት አየች።
«ሰኞ ከእማማ ዘውዴ ጋር አብረን ጸልየናል» አለች። «ሻማውን ያበራሁት እኔ ነኝ። ጋሎኑንም ከሥሩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»
አልጮኸችም። ብትጮህ እመርጥ ነበር።
«ጋራዡ ራሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በምን ልወቀው?»

ቀና ብላ ጠየቀችኝ፣ «ሌላስ የጻፍክበት ዕቃ አለ?»

አለ አልኳት።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ኪችን ገባች፣ ተከተልኳት። የመስታወት ማጽጃው ላይ «የሎሚ ውሃ»። የበረኪናው ጠርሙስ ላይ «ኮምጣጤ»። የበርበሬው ዕቃ ላይ «ቀረፋ»፣ ይሄ እንኳ አይገድልም። የራስ ምታት ክኒኗ ብልቃጥ ውስጥ ማስቲካ። ያን ጊዜ ሁሉም ያስቁ ነበር። እማዬ አንድ በአንድ እየተቀበለች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

ጋራዡ ውስጥ ሞተር ተነሳ። አሳለው፣ አሳለው፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ጋሽ ተክሌ ናቸው፣ እኛን ትተው ወጥተው ነበር። አራት ቀን ስጠብቀው የነበረው ድምፅ ነው፣ ግን ወጥቼ ላየው አልቻልኩም።

አራት አግኝተናል። አምስት እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። አምስተኛውን ምን ላይ እንደጻፍኩት ጠፍቶኛል። እማዬ ቁም ሳጥን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው።