የልጄን ድምፅ ወደ ፊደል ለለወጡት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የመነጋገሪያ አፑ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የልጆችዎን ድምፅ በየቀኑ እየሰሙ እንደሚውሉ ስለማምን ስለ እነሱ ብዙ አልጠይቅም። እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት የሞላኝ፣ ስሜን ከመጻፍ እምብዛም ያላለፍኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ፊደል እየለቀምኩ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና ስህተቱን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሩቅ አገር፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ የሆነች አንዲት ልጅ አለችኝ። በየጠዋቱ በአፕዎ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር። ዛሬም በድምፅ ነው የምትልከው፤ ነገር ግን ባለፈው ወር «አሻሻልነው» ካላችሁ ወዲህ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ጽሑፍ ሆኖ ነው። የስልክ ፊደል ለዓይኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰው አጥንት ስለ ጋበዛችሁ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ የሚያነብልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ «አባብዬ፣ ናፍቀኸኛል» ይለኛል። ወረፋ የያዙት ደንበኞቹ ሁሉ ይሰማሉ። የት ልግባ ጌታዬ?

3ኛ/ በቀጥታ በድምፅ እንዳናወራ ደግሞ አፕዎ «ስልክዎ አርጅቷል» ይላል፤ በመደበኛው ስልክ እንዳልደውል የውጭ አገር ጥሪ ዋጋው አይቀመስም። እኔንም ጨምራችሁ ከሆነ እውነታችሁን ነው።

4ኛ/ ማክሰኞ «ሥራ ለጊዜው አቁሜያለሁ፣ ግን ደህና ነኝ፣ አታስብ» የሚል መጣ። ልብስ ሰፊውን ሦስቴ አስነበብኩት፤ ሦስቴም የሱሪ ልክ እንደሚናገር አድርጎ አነበበው። እያለቀሰች ይሆን ብዬ ብጠይቀው «አባቴ፣ እንባ እዚህ ላይ አይጻፍም» አለኝ። እናቷ በሞተችበት ሳምንትም «ደህና ነኝ» ነበር የምትለው፤ አለመሆኗን ያወቅሁት ከድምፅዋ ነው። አሁን ስልኩን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እንዳልሄድ አቅሙ የለኝ፤ ሰው እንዳልልክ በዚያ አገር የማውቀው የለኝ፤ ልቆጣ ብል እንኳ የማገኘው እርስዎን ብቻ ነው፤ እርስዎንም ካገኘሁዎት።

የልጅዎ ድምፅ ከቤትዎ እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣ ቆቤን አውልቄ ከወገቤ ጎንበስ በማለት እጅ የምነሣ፣

የአንዲት ልጅ አባት የሆንኩ ታማኝ ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ በፊት አቤቱታዬን በዚያው በአፕዎ በድምፅ ልኬ ነበር። ጥርሴን ነክሼ፣ በቁጣ፣ «ጎሽ! እጃችሁ ይባረክ! ከዚህ በላይ ምን ትሠሩኛላችሁ!» ነበር ያልኩት። የድርጅትዎን መልስ ልብስ ሰፊው አነበበልኝ፤ «ስለ መልካም አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። የልጄ «ደህና ነኝ» በምን ዓይነት ወንፊት አልፎ እንደሚደርሰኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።